የአንጓች መንጠቆ

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ብትጠሩትም አቤት የማይል አገር ነው። ዙሪያውን በአንድ ግንብ የታጠረ፣ በውስጡም አንድ መንገድ ብቻ የነበረው አገር ነው እንበል። መንገዱ ከአንድ ቦታ ይነሳና የአገሩን ጓዳ ጎድጓዳ ሁሉ አዳርሶ እዚያው የተነሳበት ይመለሳል። ስለዚህ በዚያ አገር የጠፋ ሰው አይፈለግም ነበር። ደጅ ላይ ቆመው ቢጠብቁት መንገዱ ራሱ መልሶ ያመጣዋል።

በዚህ መንገድ ላይ ያለ ማቋረጥ የሚመላለሱት ፍም ተሸካሚዎች ናቸው። ቀይ ይለብሳሉ። ከነፋስ አዳራሽ ፍሙን በገል ይዘው ይነሱና በየምድጃው ያድላሉ፤ የየቤቱን አመድ ተቀብለው ይመለሳሉ። ርስት የላቸውም፣ ቤት የላቸውም፣ ብዙ ከመሆናቸው የተነሳ በስማቸው የሚጠራቸውም የለም። ሹማምንቱ ስለ አገር ክብር ሲናገሩ ግንቡን ያነሳሉ፣ ዘበኞቹን ያነሳሉ፣ ካባ ቤትን ያነሳሉ። ምድጃው እስከነደደ ድረስ ፍሙን ማን እንዳመጣው የሚያስብ ሰው አልነበረም።

ተሸካሚ ሲያረጅ በጠባቡ በር ይፈተናል። በሩ ዝቅ ያለ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ገሉን ሳይደፋ ካለፈ ሌላ ዙር ይሄዳል፤ ወገቡ እምቢ ካለው እዚያው ይቀራል። ጭካኔ ይመስላል፤ እነሱ ግን ለምደውታል። ያረጀው ተሸካሚ በሩ ጋ ሲደርስ ገሉን ከኋላው ላለው ጎልማሳ ያቀብልና ፈገግ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ፍሙ እንዳይደፋ እንጂ ስለ ራሱ ብዙም አይጨነቅም።

የጥበቃው ሥርዓት ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ አገር ጠላት የሚታወቀው በካባው ነበር። በፊቱ አይደለም፣ በሥራው አይደለም፣ በአነጋገሩም አይደለም። ሕጉን ያወጡት የጥንት ሰዎች፣ ፊት ይመሳሰላል፣ ሥራ ይደበቃል፣ ካባ ግን ከሩቅ ይታያል ብለው ነው አሉ። መጥፎ ሐሳብ አልነበረም፤ ለብዙ ዘመንም ሠርቷል።

በመንገዱ ዳር በየቦታው ካባ ቤት የሚባል አዳራሽ አለ። እዚያ ውስጥ ባለመንጠቆዎች ተደርድረው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ባለመንጠቆ አንድ መንጠቆ አለው፤ መንጠቆው የሚይዘው አንድ ዓይነት ሽመና ብቻ ነው፣ በሌላው ጨርቅ ላይ ሸርተት ብሎ ያልፋል። መንጠቆን ማጠፍም ሆነ መሞረድ ክልክል ነው። ስለዚህ የባለመንጠቆ ሥራ መጠበቅ ነው። የሱ ካባ የመጣ ቀን ይነሳል፤ ካልመጣ እንደተቀመጠ ይሞታል። አብዛኞቹ እንደተቀመጡ ነው የሚሞቱት፣ ቀለባቸው ግን አንድም ቀን ተጓድሎ አያውቅም። ምን ትሠራለህ ብትሉት፣ ኮራ ብሎ "ተጠባባቂ ነኝ" ይላችኋል።

ሹመቱ በዋዛ አይገኝም። ዕጩው መንጠቆውን ይዞ በአገሩ ሰው ልብስ ሁሉ መሃል ይመራል። መንጠቆው ከአንዱ ልብስ ክር እንኳ መዞ ቢገኝ እሱም መንጠቆውም የገባ ወደማይወጣበት ዝምታ ጉድጓድ ይወርዳሉ። የሕጉ ቃል "የወገንን ሰው የያዘ መንጠቆ ከነባለቤቱ ከነዘሩ ይነቀል" ይላል። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ዋጮች የሚባሉም አሉ። ሥራቸውም ስማቸውም አንድ ነው። ትላልቅ፣ ዝግተኛ፣ ክፋት የሌለባቸው ዘበኞች ናቸው። መንጠቆ የተንጠለጠለበትን ሰው ይውጣሉ፣ ያልተንጠለጠለበትን ያሳልፋሉ። ለምን ብለው ጠይቀው አያውቁም። አፋቸው ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለሆነ ለጥያቄ አይመችም።

የዚህ ሁሉ የበላይ አዛዥ ወረታው ነበሩ። አዛዡ ከአንድ አዋጅ ነጋሪ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ሲበሉም ሲሄዱም ከኋላቸው አይጠፋም። የሱ ግዴታ አዛዡ ድምፅ አውጥተው የተናገሩትን ሁሉ ተቀብሎ መንገድ ላይ መጮህ ነው። አንዴ ከተጮኸ ሕግ ነው፣ አይመለስም። አንድ ጊዜ አዛዡ ሾርባ እየጠጡ "ጨው የለውም" ቢሉ በአገሩ ሁሉ ጨው የለም ተብሎ ታወጀና ጨው ያለው ሰው ሁሉ ደበቀ። ከዚያ ወዲህ አዛዥ ወረታው ከድል ንግግራቸው በቀር እምብዛም አይናገሩም ነበር፤ የቀረውን በጆሮ ይንሾካሾካሉ።

አንጓች የምትባል ባለመንጠቆ ነበረች። በአንዱ ካባ ቤት ከመስኮት አጠገብ ትቀመጣለች። ባሏ ደርበው ፍም ተሸካሚ ነው። ባለመንጠቆና ተሸካሚ መጋባታቸው በካባ ቤት ብዙ አፍ አስከፍቶ ነበር፤ እነሱ ግን ጉዳዬ አላሉትም። ትዳራቸው በመስኮት ነው። እሱ በየዙሩ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ፍም ያደርጋል፣ አመድ ይቀበላል፣ ሁለት ሦስት ቃል ይወራወራሉ፣ ይሄዳል።

"ዛሬም ተቀምጠሻል?" ይላታል።

"ዛሬም ትሮጣለህ?"

"ተይ፣ መንጠቆሽ እንዳይዝግ።"

"ያንተ ወገብ እስኪዝግ ይቆይልኛል።"

ከገሉ ውስጥ ደህና ደህናዋን ፍም መርጦ ለሷ ያስቀር ነበር ይባላል። ሕጉ እኩል አድል ነው የሚለው። እኔ አልፈርድበትም።

አንድ ቀን ዝንብ ግንቡን ነደፈ። ዝንብ ነድፎት የማያውቅ ግንብ አይደለምና ማንም ልብ አላለውም። በተነደፈበት ቀዳዳ ግን ጥቂት እንግዶች ገቡ። ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው የሚሸፍን ባለ መስመር ካባ ለብሰዋል፤ መስመሩ ሰማያዊና አመድማ ነው። አላቃጠሉም፣ አልሰበሩም። መንገድ ዳር ተቀምጠው ለየምድጃው የሚላከውን ማገዶ መብላትና መባዛት ነው የያዙት። ማገዶ የሚበላ እንግዳ ምን ዓይነት እንግዳ ነው ብሎ የጠየቀም አልነበረም፤ የሚጠየቀው ምን ለብሷል ተብሎ ነው።

ማንደፍሮ የሚባል አመልካች ከአንዱ እንግዳ ካባ ቁራጭ ቀደደ። አመልካች የቀደደውን ጨርቅ በተዘረጋ ክንዱ ይዞ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወደ ቅርብ ካባ ቤት መሄድ አለበት። እዚያም በባለመንጠቆዎቹ ፊት ተራ በተራ ያልፋል። መንጠቆው ይነካል፣ ይንሸራተታል፣ "የኔ አይደለም" ይባላል። ቀጣዩም "የኔ አይደለም" ይላል። ይህ ሲሆን ሳለ እንግዶቹ በውጭ ይባዛሉ። ማንደፍሮ ክንዱ ዝሎ ሊወድቅ ሲል መስኮቱ ጋ ደረሰ። የአንጓች መንጠቆ ጨርቁን ቀጭ አድርጎ ያዘ።

ዕድሜዋን ሙሉ ተቀምጣ ለኖረች ሴት ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ለናንተ መንገር አልችልም። አንጓች ብድግ ስትል ጉልበቷ ተንቋቋ። እንባዋም መጣ፣ አልደበቀችውም። በሥርዓቱ መሠረት ዘሮቿ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሾሙ፤ እህት፣ የእህት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ አዳራሽ ሙሉ ሆነው የሷን መንጠቆ ዓይነት ብቻ ያለ እረፍት ይሠሩና በመስኮት ወደ መንገዱ ይበትኑ ጀመር።

"ተነሳሽ!" አላት ደርበው ሲያልፍ፣ ገሉን ከፍ አድርጎ።

"ዛገ ስትለኝ አልነበረም?"

"እንግዲህ እኔ ስቀመጥ አንቺ ትሮጫለሽ።" ሳቀና ሄደ።

አዛዥ ወረታውም የሙቀት አዋጅ አስነገሩ። ምድጃ ሁሉ እጥፍ እንዲነድ ታዘዘ፤ እንግዶቹ በወበቅ እንዲዳከሙ ነው። ተሸካሚዎቹ በእጥፍ ሮጡ። አገሩ ከግንብ እስከ ግንብ ጋለ። መንጠቆው በመንገዱ ላይ እየፈሰሰ ባለ መስመሮቹን ካባ ሁሉ ያዘ፣ ዋጮቹም ተከትለው ዋጡ። አዛዡ ሰገነት ላይ ወጥተው "ጠላት አለቀ!" አሉ፤ አዋጅ ነጋሪውም ጠላት አለቀ ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ጨፈረ። ነገሩም ውሸት አልነበረም፤ ባለ መስመር ካባ የለበሰ አንድም እንግዳ በመንገዱ ላይ አልቀረም።

የቀሩት ቢጫ የለበሱት ነበሩ። ከመያዛቸው በፊት ጥቂቶቹ ባለ መስመሩን ጥለው ቢጫ ካባ አውጥተው ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መንገዱ ቢጫ ሆነ። አመልካቹ ክንዱን ዘርግቶ ሄደ፣ የኔ አይደለም የኔ አይደለም ተባለ፣ በመጨረሻ አንድ ሌላ ተጠባባቂ አገኘና ተነሳ፣ ዘሩም ተሾመ፣ ምድጃ ጋለ፣ ቢጫው ተዋጠ፣ አዛዡ ወጥተው "ጠላት አለቀ" አሉ። ከዚያ አረንጓዴ መጣ። ከዚያ ባለ ነጠብጣብ። ከዚያ ቀለሙ ለመጥራት የሚያስቸግር አንድ ነገር። እያንዳንዱ ድል እውነተኛ ድል ነበር፤ እያንዳንዱም በዘፈን ተከብሯል። ዘፋኞቹን ብቻ ያስቸገራቸው ለእያንዳንዱ ካባ አዲስ ግጥም መግጠም ነበር፤ ኋላ ላይ ቀለሙን ብቻ እየቀየሩ ያንኑ ይዘፍኑ ጀመር።

ካባ ሲጣል ግን የሆነ ቦታ ይወድቃል። እንግዶቹ የጣሉት ካባ ሁሉ እየተበጣጠሰ በመንገዱ ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ጨርቁ ሙጫ አለው። ተሸካሚዎቹም በዚያው መንገድ ነው የሚሮጡት፤ ሌላ መንገድ የለም። አንዱ ትከሻ ላይ ብጣሽ ተለጠፈ፣ ሌላው እጅጌ ላይ። ተሸካሚው በገል ፍም ይዞ እየሮጠ በየት እጁ ያራግፈው? የተበተነውም መንጠቆ አሁንም በመንገዱ ላይ ነው። ብጣሹን ሲያገኝ ቀጭ ይላል፤ ዋጩ ይመጣል፣ ይውጣል፣ ይሄዳል።

በየምድጃው ፍሙ መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ላይ ያሉት፣ ግንብ ሥር ያሉት ቤቶች ቀዘቀዙ። ላይኛው ቤት፣ ያገሩ ጌታ የሚኖርበት፣ በጠራራ ፀሐይ ማንቀላፋት ጀመረ ተባለ። ተሸካሚ ጠፋ ብለው አቤት ያሉ ነበሩ። ካባ ቤት የመለሰላቸው መልስ አጭር ነው፤ የጠፋ ተሸካሚ የለም፣ የተያዘ ጨርቅ እንጂ።

ደርበው በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ አንጓች ትከሻውን አየች። ብጣሹ ከመዳፍ አይበልጥም። መስመሩ ሰማያዊና አመድማ ነው፤ የሷ ካባ።

"ቁም!" አለችው። ቆሞ አያውቅም ነበርና ደነገጠ። ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ቧጠጠችው፣ አልተላቀቀም። በምራቋ አርሳ ፈተገችው፣ አልተላቀቀም። በጥርሷም ሞከረች።

"ምን ሆነሻል? ሰው ያያል እኮ" አላት እየሳቀ። ኋላ ፊቷን ሲያይ ሳቁን አቆመ። ጨርቁን ዞር ብሎ አየው። "ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው።"

"እንግዲህ የቤተሰብ ነገር ነው" አለና ሊያስቃት ሞከረ። ከኋላው ያሉት ተሸካሚዎች ተደራርበው መንገዱ ተዘጋ፤ መሄድ ነበረበት። ፍሟን በምድጃዋ አድርጎላት ሄደ።

አንጓች አዛዥ ወረታው ዘንድ ቀረበች። ሙቀቱ በርትቶ ስለነበር አዛዡ በሁለት ሰው ይራገቡ ነበር። አዋጅ ነጋሪውን ለጊዜው ጆሮውን በጥጥ አስደፍነውታል፤ ለባለጉዳይ ሲናገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

"ጌታዬ፣ የባሌ ትከሻ ላይ ጨርቅ ተለጥፏል" አለች።

"ምን ዓይነት?"

"ባለ መስመር።"

"እንኳን ደስ ያለሽ። መንጠቆሽ ገና ሥራ አልፈታም ማለት ነዋ።"

"እሱ እኮ ተሸካሚ ነው ጌታዬ። ቀይ ነው የለበሰው።"

"የኛ ሕግ ቀይ አያውቅም። ባለ መስመር ያውቃል፣ ቢጫ ያውቃል፣ አረንጓዴ ያውቃል።"

"እንግዲያው ፊቱን ይዩት።"

"አይቼ ከምኑ ጋር ላስተያየው? የጠላት ፊት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ካለ አምጪልኝ።"

አንጓች ወደ አዳራሹ ዞራ ጠየቀች። ያን ሁሉ ድል ያዩ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከተጠባባቂዎቹ አንዱ ብዙ አስቦ "ካባ ነው የሚመስለው" አለ።

"መንጠቆዎቼን ልሰብስብ" አለች።

"የተበተነ መንጠቆ አይሰበሰብም።"

"ሕጉ የወገንን ሰው የያዘ መንጠቆ ይነቀል ይላል። እኔን ከነዘሬ ይንቀሉን።"

አዛዡ የሚያራግቡትን በእጃቸው አስቆሙ። "ቀስ በይ" አሏት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "መንጠቆሽ የያዘው ሰውየውን አይደለም፤ ጨርቁን ነው።"

"ጨርቁ ሲዋጥ ሰውየው የት ይቀራል?"

"እሱ የዋጮች ጉዳይ ነው። ካባ ቤት ሰው ውጦ አያውቅም።"

ይህን ሲሉ ቅር ያላቸው ይመስላል የሚሉ አሉ። እኔ አልመሰለኝም፤ ሙቀቱ ነው።

ከዚያ ወጥታ ወደ ጠባቡ በር ሮጠች። ሮጣ የማታውቅ ሴት ናት፤ እንዴት እንደደረሰች እንጃ። በሩ ላይ ተሸካሚዎች ተጨናንቀው ቆመዋል። የበሩ ሹም ድሮ ወገብ ነበር የሚመረምሩት፤ አሁን ትከሻ ይመረምራሉ። ደርበው ተራው ደርሶ ነበር። ብጣሹ ላይ መንጠቆዎቿ ተሰክተውበታል፣ ቦታ እስኪጠባቸው ድረስ። እሱ ግን በደንቡ ጎንበስ አለ፣ ገሉን ሳያዘነብል በሩን አለፈ።

"ወገቡ ደህና ነው" አሉ ሹሙ። ቀና ብለው አንጓችን አዩአት። ባለመንጠቆ በቦታው ከተገኘ መጠየቅ ሥርዓት ነው። "መንጠቆዎቹ ያንቺ ናቸው?"

"የኔ ናቸው። የያዙት ግን የኔን ሰው ነው።"

"የጠየቅኩሽ ያንን አይደለም።"

ዋጩ ቀረብ አለ። ደርበው ትከሻው ላይ የተሰኩትን አንድ በአንድ አያቸው፣ ከዚያም ሚስቱን አየ። "ለካ አልዛገም" አላት። ገሉንም ዘረጋላት። "ያዢልኝ አንጓቼ፣ ይደፋል።"

እጇን ዘርግታ ተቀበለች። ትኩስ ስለነበር ዓይኗን ወደ ገሉ አደረገች፣ እንዳይደፋ። ቀና ስትል ዋጩ አፉን እየጠረገ ነበር።

ፍሙን ይዛ ወደ መስኮቷ ተመለሰች። ዘሮቿ መንጠቆ እየሠሩ ነበር፤ ያገሩ ሰው እንዳያያት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። ፍሙን በምድጃዋ ውስጥ አመድ አልብሳ ዳፈነችው። ከዚያም ባገሩ ልማድ መንገዱ መልሶ እንዲያመጣው ጠበቀች። መንገዱ ሌሎችን አመጣ፣ እሱን አላመጣም። እየቆየ ሌሎቹንም ማምጣት ተወ።

ከሁሉ የበለጠው ድል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ወይን ጠጅ ካባ ተይዞ ሙልጭ ብሎ ጠፋ። አዛዥ ወረታው ወደ ሰገነቱ ወጡ፤ አዳራሹም አደባባዩም ግን ጨለማ ነበር። ምድጃዎቹ ጠፍተዋል። ያን ያህል ሲነድ የከረመው አገር ብርድ ብርድ ይለው ጀመር። አዛዡ "ጠላት አለቀ" ለማለት ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ አልሆን አላቸው። አዋጅ ነጋሪው የሰማውን ያንኑ መንገጫገጭ ጮኸና ሕዝቡ ምን እንደታወጀ ሳይገባው ወደ ቤቱ ገባ።

"እሳት አንድዱ" አሉ በኋላ። ታወጀ። ግን ከየት? ከነፋስ አዳራሽ ፍም ይዞ የሚመጣ አልነበረም። የቀሩት ጥቂት ተሸካሚዎችም ትከሻቸውን በእጃቸው ሸፍነው ጥጋጥግ ተደብቀዋል። እንግዶቹ ደግሞ የሆነ ቦታ ሆነው አዲስ ካባ እያወጡ ነበር፤ ለነሱ ብርዱ ግድ አልሰጣቸውም።

በመስኮት አጠገብ የምትቀመጠው ባለመንጠቆ ምድጃ ውስጥ ረመጥ አለ የሚል ወሬ ለአዛዡ ደረሳቸው። ራሳቸው ገል ይዘው፣ ኩታቸውን ተከናንበው፣ በእግራቸው መጡ። አዋጅ ነጋሪው ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ተከትሏቸዋል።

"እሜቴ አንጓች" አሉ። ከዚያ በፊት እሜቴ ብለዋት አያውቁም። "ትንሽ ፍም ያድርጉልኝ።"

አንጓች ከምድጃዋ ፊት ተቀምጣ ነበር፣ አልተነሳችም። "ፍሙን ማን እንዳመጣው ይንገሩኝና ይውሰዱ።"

"ፍም እኮ ፍም ነው።"

"ማን አመጣው ጌታዬ?"

"ተሸካሚ ይሆናላ።"

"ስሙ ደርበው ይባላል። የማን ወገን ነበረ?"

አዛዡ ወደ አዋጅ ነጋሪው አየት አደረጉ፤ በብርዱ ሲንዘፈዘፍ ጥጡ ከጆሮው ወድቋል። ነገሩ ገባቸው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ተንሾካሾኩ።

"አልሰማሁም" አለች።

ከኋላዋ ዘሮቿ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። ታናሽ እህቷ መንጠቆውን በእጇ እንደያዘች "እታለም፣ እሳቸው ይህን ካሉ እኮ እኛም…" አለች።

"አዎ፣ እኛም" አለች አንጓች። ወደ እህቷ ዞራ እጇን ያዘቻት። "ይቅር በይኝ። አንቺ የሠራሽው መንጠቆ የያዘውን እኔ ባየሁት ዓይን ብታዪው ኖሮ አንቺም ይህንኑ ታደርጊ ነበር።" እህቷ መንጠቆውን መሬት አስቀመጠች።

አዛዥ ወረታው ገሉን እንደዘረጉ ቆሙ። ለአገሩ ብለው ነው የተናገሩት የሚሉ አሉ፤ ለቀዘቀዘ ጣታቸው ብለው ነው የሚሉም አሉ። ለማንም ብለው ይሁን ተናገሩ።

"ደርበው የኛ ሰው ነበረ" አሉ።

አዋጅ ነጋሪው እንደ ልማዱ ደረቱን ነፍቶ ወደ መንገዱ ወጣ። ደርበው የኛ ሰው ነበረ ብሎ ጮኸ። መንገዱ ዙሪያ ነውና ድምፁ አገሩን ሁሉ ዞሮ፣ በጠባቡ በር አልፎ፣ በላይኛው ቤት ሥር አልፎ፣ ወደ አንጓች መስኮት ተመለሰ። አንጓች እስኪመለስ ድረስ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ሲደርስ ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ አመዱን ገልጣ ፍሙን አወጣች። ደህና ደህናዋን መርጣ በአዛዡ ገል ላይ አደረገች። "እንዳይደፋብዎት" አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ከዘሮቿ ጋር ወደ ዝምታ ጉድጓድ ወረደች። አንዳንዶቹ እያለቀሱ ነበር፤ ሁለት ሦስቱ ሊደበቁ ሞክረው ተገኙ። መንጠቆዎቿም ከመንገዱ ላይ ሁሉ ተለቀሙ። ከሷ በኋላ መንጠቋቸው ተሸካሚ ይዞ የነበረ ሌሎች ባለመንጠቆዎችም በዚያው ሕግ ተነቀሉ፤ በፈቃዳቸው የተነሱ ጥቂት ናቸው፣ የቀሩት ተጎትተው ነው።

ነገሩ በነጻ አልሆነም። ባለ መስመሩ ካባ ዛሬ ተመልሶ ቢመጣ የሚይዘው መንጠቆ በዚያ አገር የለም። እንግዶቹም አልወጡም፤ አንድ ጥግ ይዘው ማገዶ ሲበሉ ይታያሉ ይባላል። ፊታቸውን አይቶ የነገረን ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

አዛዡ ከወሰዷት ፍም ግን አንድ ምድጃ ነደደ፣ ከዚያ ሌላው። ተደብቀው የነበሩት ተሸካሚዎች ወጡ፤ አዳዲስ ልጆችም ተሸካሚ ከሚወለድበት ከአጥንት ሰፈር ቀይ ልብሳቸው ሳይደበዝዝ መጡ። መጀመሪያ በጠባቡ በር የደረሰው ገሉን በሁለት እጁ የያዘ አንድ ተሸካሚ ነበር። ትከሻው ላይ ሰማያዊና አመድማ ብጣሽ ተለጥፏል። ዋጩ እንደ ልማዱ አፉን ከፈተ። መንጠቆ ፈለገ፣ አጣ። አፉን ዘጋ። ዓይኑ የሚያርፍበት ሌላ ነገር ስላልነበረ የተሸካሚውን ፊት አየ። ፈርቷል፤ ላብ በግንባሩ ይወርዳል፤ ገሉን ግን አላዘነበለም።

"እለፍ" አለው።